ፍርሃት ሲወጣ አክብሮት አብሮ አይውጣ

ሰው ፊደል ቈጥሮ ማንበብ ሲጀምር የልቡ ዐይን ይበራለታል። ቀድሞ ያላወቀውን ያውቃል፤ ቀድሞ የፈራውን አይፈራም። ይህ የትምህርት መልካም ፍሬ ነው። ነገር ግን ከመልካሙ ፍሬ አጠገብ አንድ ክፉ አረም ይበቅላል፤ የአረሙም ስም ንቀት ነው። ጥቂት የተማረ ልጅ ያልተማሩትን አባቶቹን ሲንቅ፥ ልማዳቸውንም ምክንያቱን ሳይጠይቅ መሣቂያ ሲያደርገው፥ ዕውቀቱ ገና ግማሽ መሆኑን ይገልጣል። ግማሽ ዕውቀትም እንደ ግማሽ ድልድይ ነው፤ ሰውን ከወንዙ መካከል አድርሶ ይጥለዋል እንጂ አያሻግረውም።

በካፋ አገር፥ በቦንጋ አካባቢ፥ በደካ የሚኖር አንድ ተማሪ ይታሰብ። ይህ ልጅ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ መንገዱ በአንድ ጥንታዊ ዱር ዳር ያልፋል። የዱሩ ዛፎች ቁመታቸው እጅግ ረዥም ነው፤ በቅርንጫፎቻቸውም ላይ የዛፍ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጓል። ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል፤ ከዛፎቹም ሥር ቀዝቃዛ ምንጭ ይፈልቃል። ወደዚያ ዱር መጥረቢያ ይዞ የሚገባ የለም። የልጁ አያት በዚያ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ፥ እርምጃቸውንም ቀስ ያደርጋሉ።

ልጁ አንድ ቀን ወደ አያቱ ዞር ብሎ፥ «አባባ፥ ይህ እኮ እንጨት ብቻ ነው። ተቈርጦ ቢሸጥ ለደብተርና ለልብስ መግዣ ይሆን ነበር። ስለ ምን ይፈሩታል?» ብሎ ይጠይቃል። አያቱም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ እንጨት መሆኑንስ እኔም አውቃለሁ። ግን ዛሬ ጧት የጠጣኸው ውሃ ከወዴት እንደ መጣ ታውቃለህን?» ብለው ይመልሱለታል። ልጁ ግን ለጥያቄው መልስ ሳይሰጥ፥ እየሣቀ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሮጣል።

ከሁለቱ ዐዋቂው ማን ነው? ፊደል የቈጠረው ልጅ ነውን? ወይስ ፊደል ያልቈጠሩት ሽማግሌ? ይህ ጥያቄ የደካ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ ሕዝብ ዛፍን፥ ምንጭንና ተራራን አክብሮ ኖሯል፤ በዓለምም ላይ ብዙ ልጅ የአያቱን አክብሮት አይቶ ሥቋል። ስለዚህ መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የካፋን ልማድ፥ ቀጥሎም ከባሕር ማዶ ያለውን የህንድን አገር መመልከት ይጠቅማል።

የካፋ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አንዳንዱን ዱር ከሌላው ለይተው ሲጠብቁ ኖረዋል። እንዲህ ያለው የተከበረ ዱር በቋንቋቸው ጉዶ ይባላል። ዴጆ የሚባል የምስጋናና የልመና ሥርዐትም አላቸው። ሽማግሌዎች ከትልቅ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ከምድራቸው ፍሬ ለመሥዋዕት ያቀርባሉ፤ አዝመራው እንዲሰምር፥ ሰውና ከብት ከበሽታ እንዲጠበቅ ይለምናሉ። ከዚያ ስፍራ ዛፍ መቍረጥ እንደ ትልቅ ነውር ይቈጠራል። ዛሬ ከካፋ ሕዝብ የሚበዛው ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊሞችም አሉ፤ ይሁን እንጂ የቀድሞው ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም።

አጥር የሌለው፥ ዘበኛም ያልቆመበት ይህ ዱር በምን ተጠበቀ? በሰው ልብ ውስጥ ባለው አክብሮት ተጠበቀ። እንዲህ ያለው ነገር በሰሜንም ይታያል። በጎንደርና በጎጃም እርሻ ብዙውን ኮረብታ ባራቈተበት አገር፥ የቀሩት ጥንታውያን ዛፎች በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቆሙት ናቸው። ወይራው፥ ጽዱና ዝግባው በዚያ ይገኛሉ። መንገደኛ ከሩቅ ደኑን ሲያይ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። የካፋ ሽማግሌና የጎጃም ቄስ ሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ ነው፤ መጥረቢያን ከተከበረ ስፍራ በማራቅ ግን ይስማማሉ።

የካፋ ዱር ለሚኖሩበት ሰዎች ብዙ ስጦታ ይሰጣል። ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፎቹ ጥላ ይበቅላል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀሙበታል፤ ንብም ከአበባው ቀስማ ማር ትሠራለች። ሊቃውንት መርምረው ዓረቢካ የሚባለው የቡና ዘር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዱሮች እንደ በቀለ መስክረዋል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከ700 ሺሕ ሄክታር የሚበልጠውን የካፋን ምድር በዓለም ከሚጠበቁት የተፈጥሮ ስፍራዎች ጋር መዘገበው።

ይህ ሁሉ በጉዶ ብቻ የተጠበቀ አይደለም። የዝናቡ ብዛትም፥ የተራራው አቀማመጥም ረድቷል፤ ሰዎች ቀፎ የሚሰቅሉበትን ዱር ለየራሳቸው ተካፍለው መጠበቃቸውም ረድቷል። ነገር ግን የአባቶች አክብሮት ከጠባቂዎቹ አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው።

ከኢትዮጵያ የወጣ ቡና ወደ የመን ተሻገረ። ከየመንም፥ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ ባባ ቡዳን የሚባል አንድ መንፈሳዊ ሰው በ17ኛው መቶ ዓመት ሰባት የቡና ፍሬ ይዞ ወደ ህንድ አገር ተመለሰ፤ በቺክማጋሉር ተራራም ላይ ተከላቸው። ተራራው ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ በዚያ ያለውንም የዋሻ መቃብር ሙስሊሞችም ሂንዱዎችም ይሳለሙታል። ከቺክማጋሉር በስተ ደቡብ ኮዳጉ የሚባል ተራራማ አገር አለ። ኮዳጉ በህንድ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ቡና የሚለቀምበት አውራጃ ነው። በቡናውም መካከል፥ እንደ ካፋ ጉዶ፥ መጥረቢያ እንዳይገባባቸው የተከለከሉ ዱሮች አሉ። የካፋ ልጅ ወደዚያ ቢሄድ ቡናውንም ዱሩንም አይቶ ከቤቱ ያልራቀ ይመስለው ነበር።

እነዚያን ዱሮች የሚያከብሩት ሰዎች ሂንዱዎች ናቸው። ህንዳዊ ማለት የህንድ አገር ሰው ማለት ነው፤ ሂንዱ ማለት ግን የሂንዱን ሃይማኖት የሚከተል ሰው ማለት ነው። በህንድ ክርስቲያኖች፥ ሙስሊሞችና ሌሎችም ይኖራሉና ሁለቱን ስሞች ማደባለቅ አይገባም። የሂንዱ ሃይማኖት በዓለም ካሉት ጥንታውያን ሃይማኖቶች አንዱ ነው፤ ተከታዮቹም ከአንድ ሺሕ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ይህን ሃይማኖት መሠረተ የሚባል አንድ ሰው የለም። ሂንዱዎች የብዙ አማልክት ስም ይጠራሉ። ዓለምን ይጠብቃል የሚሉት ቪሽኑ፥ ያፈርሳል ደግሞም ያድሳል የሚሉት ሺቫ፥ እናት ብለው የሚጠሯት ዴቪ ከዋነኞቹ ናቸው። ከሊቃውንታቸው ብዙዎቹ ግን እነዚህ ሁሉ ብራህማን የሚባለው የአንዱ ባሕርይ መገለጫዎች ናቸው ብለው ያስተምራሉ።

ከነዚህም ሌላ ጋኔሻ የሚባል አለ፤ ራሱ እንደ ዝሆን ራስ ሆኖ ይሣላል። ሂንዱዎች ቤት ሲሠሩ፥ ሱቅ ሲከፍቱ፥ መንገድ ሲጀምሩ አስቀድመው እርሱን ይለምናሉ። ይህን የሰማ ተማሪ፥ «የዝሆን ራስ!» ብሎ ለመሣቅ ይቸኵል ይሆናል። ነገር ግን ሣቁን ጥቂት አቆይቶ ምክንያቱን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ዝሆን በዱር ውስጥ ሲሄድ መንገድ የዘጋውን ቍጥቋጦ ጥሶ ያልፋል፤ ከኋላው ለሚመጡትም መንገድ ይከፍታል። ሂንዱዎችም ጋኔሻን መሰናክልን የሚያነሣ ይሉታል። እንግዲህ ምስሉ ምክንያት የሌለው ቅዠት ሳይሆን ትርጓሜ ያለው ምሳሌ መሆኑ ለጠያቂው ይገለጥለታል። የጠየቀ ሰው ማመን ግዴታው አይደለም፤ መሣቁን ግን ይተዋል።

ሂንዱዎች ወደ ቤተ መቅደሳቸው ሲገቡ ጫማቸውን ከደጅ ያወልቃሉ። የኢትዮጵያ ልጅ ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የለመደው ነውና። ደወል ይደወላል፤ መብራት ይበራል፤ ዕጣን ይጤሳል። የአምላኩ ምስል የሚቀመጥበት የውስጠኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ትንሽና ጨለማ ነው፤ ወደዚያ የሚገባው ካህኑ ነው። ሕዝቡ ከውጭ ሆኖ ይሰግዳል፤ መቅደሱንም በቀኙ አድርጎ ይዞረዋል። አበባ፥ ውሃ፥ ፍራፍሬና የበሰለ ምግብ ይቀርባል። ከቀረበውም ምግብ በረከት ነው ተብሎ ለሕዝቡ ይታደላል፤ ይህንም ፕራሳድ ይሉታል። ሥርዐቱ ሁሉ ፑጃ ይባላል። ፑጃ በቤተ መቅደስ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በብዙ ቤት ውስጥ ትንሽ መቅደስ አለ፤ የቤቱም ሰው ማለዳ ታጥቦ በፊቱ መብራት ያበራል።

ማንበብን ለሚማር ልጅ ግን ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው ሌላ ሥርዐት ነው። በደቡብ ህንድ፥ በኬረላ አገር፥ ቪጃያዳሻሚ በሚባለው በዓል ትንንሽ ልጆች በቤተ መቅደስ ወይም በአስተማሪ ፊት ይቀመጣሉ። አስተማሪው የልጁን ጣት ይዞ ሩዝ በተነሰነሰበት ሳሕን ላይ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ያስጽፈዋል። ሳራስዋቲ የሚሏት የዕውቀት አምላክ ልጁን እንድትረዳው ይጸልያሉ። በዚያች ሳሕን ላይ ሥጋን የሚመግበው ሩዝና አእምሮን የሚመግበው ፊደል ይገናኛሉ። ልማዱ ስለ ተወደደ ዛሬ በኬረላ ሂንዱ ያልሆኑ ቤተ ሰቦችም ልጆቻቸውን እንዲህ አድርገው ፊደል የሚያስጀምሩ አሉ።

ከዚያችው ከኬረላና ከሌላውም የህንድ አገር ብዙ አስተማሪዎች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል። ከነርሱም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሂንዱዎችም ነበሩ። ከሂንዱዎቹ መካከል የላም ሥጋ የማይበላ አስተማሪ ያየ ተማሪ በመጀመሪያ ሳይገርመው አልቀረም። ነገር ግን ላም ለሂንዱ ወተቷን ሰጥታ ልጆቹን ስለምታሳድግ እንደ እናት መቈጠሯን የተረዳ ልጅ፥ መምህሩን ስለ ማዕዱ አይንቀውም። ከሒሳቡም ትምህርት ጋር አንድ ሌላ ትምህርት ይጨምራል፤ ይኸውም ሰው ሁሉ እንደ እርሱ አለመኖሩን ማወቅ ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ኮዳጉ ዱር ይመለሳል። በኮዳጉ ከ1,200 የሚበልጡ የተከበሩ ዱሮች አሉ። በአገሩ ቋንቋ ደቨራ ካዱ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም የአማልክት ዱር ማለት ነው። ብዙዎቹ አያፓ ለሚባለው፥ የአደን አምላክ ለሚሉት የተሰጡ ናቸው። ሰዎች በበዓል ቀን ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ለአያፓም ከሸክላ የተሠራ የውሻ ምስል ያቀርቡለታል፤ ውሻ የአዳኝ ጓደኛ ነውና።

ከዚያው አገር ካቨሪ የሚባል ታላቅ ወንዝ ይነሣል። ርዝመቱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደቡብ ህንድ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ከርሱ ይጠጣሉ፥ እርሻቸውንም ያጠጡበታል። ሂንዱዎች ወንዙን እናት ካቨሪ ብለው ይጠሩታል። ከተራራው ላይ፥ ታላካቨሪ በሚባለው ስፍራ፥ የምንጩ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ገንዳ አለ። በየዓመቱ በጥቅምት ወር ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ወጥቶ ውሃው ገንፍሎ የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቆ ይጸልያል፤ ከውሃውም ቀድቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል።

ይህ ሥርዐት ለማያምንበት ሰው ምን ያስተምረዋል? ታላቁ ወንዝ ከትንሽ ምንጭ፥ ትንሹም ምንጭ ከተራራው ዱር መምጣቱን ያስተምረዋል። ዝናብ በተራቈተ ኮረብታ ላይ ሲዘንብ አፈሩን ጠርጎ ወዲያው ይወርዳል፤ ክረምት ጎርፍ፥ በጋ ድርቅ ይሆናል። በዱር ላይ ሲዘንብ ግን ቅጠሉ የጠብታውን ኀይል ይሰብራል፤ በመሬት ላይ የተከመረው የደረቀ ቅጠል ውሃውን እንደ ሰፍነግ ይመጠዋል፤ ሥሮቹም ወደ መሬት ውስጥ መንገድ ይከፍቱለታል። ውሃው በዚያ ተቀምጦ በበጋ ቀስ እያለ በምንጭ ይወጣል። የደካ አያት ልጁን የጠየቁት ይህንኑ ነበር። የካፋ ጅረቶች ወደ ጎጀብ፥ ወደ ኦሞም ይወርዳሉ፤ ሰዎች ከዚያ ሁሉ ውሃ ሲጠጡ የምንጩን ዛፍ አያዩትም።

ሰው ግን ዛፍን ስለ ውሃው ብቻ አያከብርም። በሰሜን ምዕራብ ህንድ፥ ደረቅ በሆነው በራጃስታን ምድር፥ ቢሽኖይ የሚባሉ ሂንዱዎች ይኖራሉ። ጃምቦጂ የሚባል መምህር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1485፥ 29 ትእዛዝ ሰጣቸው፤ ስማቸውም ሃያ ዘጠኝ ከሚለው ቃል መጣ ይባላል። ከትእዛዞቹ አንዱ ለምለም ዛፍ እንዳይቈረጥ የሚከለክል ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1730 የጆድፑር ንጉሥ ቤተ መንግሥት ለመሥራት ለኖራ ማቃጠያ የሚሆን እንጨት ፈለገ። ሰዎቹም ኬጅርሊ ወደምትባል የቢሽኖይ መንደር መጥረቢያ ይዘው ሄዱ። አምሪታ ዴቪ የምትባል ሴት ዛፉን በሁለት እጇ ዐቅፋ አልለቅም አለች፤ እነርሱም ገደሏት። ሴቶች ልጆቿም እንደ እናታቸው ዐቅፈው ሞቱ። ወሬው በየመንደሩ በተሰማ ጊዜ ሌሎች ቢሽኖዮች እየመጡ፥ እያንዳንዱ አንድ አንድ ዛፍ እያቀፈ ሞተ። የሞቱት 363 ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ንጉሡም ይህን ሲሰማ ቈረጣውን አስቆመ፤ በቢሽኖይ መንደሮችም ዛፍ እንዳይቈረጥ ከለከለ። የህንድ መንግሥት በአውሮፓ ሴፕቴምበር 11 ቀን ለዱር ሲሉ የሞቱትን ሰዎች ያስባል፤ ይህም ቀን በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 1 ቀን፥ የዕንቍጣጣሽ ዕለት ነው። የኢትዮጵያ ልጆች አበባ ይዘው ሲዘምሩ፥ በዚያች ቀን በሌላ አገር ስለ ዛፍ የሞቱ ሰዎች ይታሰባሉ።

እነዚያ ሰዎች ዛፉን ፈርተው አልነበረም። ሰው ከሚፈራው ነገር ይሸሻል እንጂ ዐቅፎት አይሞትም። የሚያቅፈው የሚያከብረውንና የሚወደውን ነው። እንግዲህ ፍርሃትና አክብሮት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ትምህርት ፍርሃትን ቢያስወጣ መልካም ነው፤ አክብሮትን አብሮ ቢያስወጣ ግን፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ይሆናል።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «እንዲህ ከሆነ የአባቶች ልማድ ሁሉ ሳይነካ ይኑርን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ አይደለም ነው። በህንድ አገር ዝቅተኛ ወገን ናችሁ የተባሉ ሂንዱዎች ወደ ብዙ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ ለረዥም ዘመን ተከልክለው ነበር፤ ጥላቸው እንኳ ያረክሳል የሚል ነበረ። ይህ ልማድ ክፉ ስለ ነበር በራሳቸው በሂንዱዎች መካከል ብዙዎች ተነሥተው ተቃወሙት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 የትራቫንኮር ንጉሥ በዐዋጅ ቤተ መቅደሶቹን ለሂንዱዎች ሁሉ ከፈተ፤ በ1950 የጸናው የህንድ ሕገ መንግሥትም ሰውን እንደ ርኩስ መቍጠርን ፈጽሞ ከለከለ። በካፋም ማንጆ የሚባሉት ወገኖች፥ ዱሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ አዳኞች ሳሉ፥ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፥ እንዳይጋቡም ተደርገው ብዙ ዘመን ተንቀዋል። ዛፍን እያከበሩ ሰውን መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ልማድ ሁሉ ይጠበቅ ማለት አይገባም፤ ልማድ ሁሉ ይጠየቅ ማለት ግን ይገባል። ይህ ልማድ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ይጐዳል? ቢጠፋ በስፍራው ምን ይተካል? ሰውን የሚያዋርድ ልማድ ሲገኝ ይጣል። ምንጭን የሚጠብቅ ልማድ ሲገኝ ግን፥ የሚጠብቀው ሰው ስለ ምን እንደሚጠብቅ የሚሰጠው ምክንያት ከተማሪው ምክንያት ቢለይም፥ ሊፈርስ አይገባውም።

ምክንያቱን ሳይጠይቁ ልማድን መተው የሚያመጣውን ጥፋት ኮዳጉ ራሷ ታሳያለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 የአማልክት ዱር ተብሎ በመዝገብ የተጻፈው ምድር ከ6,000 ሄክታር ይበልጥ ነበር። በ1985 የቀረው 2,550 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። ከጠፋው ዱር ብዙው የቡና እርሻ ሆነ። በአንዳንዱም ስፍራ ሰዎች ያማረ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ሠሩና ዙሪያውን ያለውን ዱር ተዉት። አምላኩ ቤት አገኘ፤ ወፎቹ ግን ቤታቸውን አጡ። ከኢትዮጵያ ዱር የወጣው የቡና ዘር በሌላ አገር ሌላውን የተከበረ ዱር በላው። ቡናው ጥፋተኛ አይደለም፤ ጥፋተኛው የጥላውን ጥቅም የረሳው ሰው ነው።

ካፋም ከዚህ አደጋ የራቀች አይደለችም። ሰው ይበዛል፤ እርሻ ይሰፋል፤ የማገዶና የሳንቃ ፈላጊ በየቀኑ ይመጣል። የጉዶን ሥርዐት የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ያረጃሉ። ሽማግሌው ሲሞቱ ዕውቀታቸው በመጽሐፍ ካልተጻፈ፥ በልጅም ልብ ካልተተከለ፥ አብሯቸው ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ዱሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የዱሩም አጥር የሽማግሌው ክብር ነበርና፥ እርሳቸው በተናቁ ቀን አጥሩ ይወድቃል።

ሌላ ሰው ደግሞ፥ «የሌላውን ሃይማኖት ስፍራ ማክበር ሃይማኖቱን መቀበል አይሆንምን?» ይል ይሆናል። አይሆንም። እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ቢያወልቅ የቤቱ ልጅ አይሆንም፤ ጨዋ እንግዳ ይሆናል እንጂ። ክርስቲያን በክርስትናው፥ ሙስሊም በእስልምናው፥ ሂንዱም በሂንዱነቱ ጸንቶ ሳለ፥ የጎረቤቱን የጸሎት ስፍራ ከመርገጥ መከልከል ይችላል። በእምነቱ የጸና ሰው የሌላውን አምልኮ ለመስደብ አይቸኵልም።

በመጨረሻም የደካው ልጅ እንደ ገና ይታሰብ። በትምህርት ቤት መምህሩ የዛፍ ሥር ውሃን በምድር ውስጥ እንዴት እንደሚያስቀምጥ ባስተማሩበት ቀን፥ ልጁ አያቱ የጠየቁት ጥያቄ ትዝ ይለዋል። ሲሠቅ የነበረው ልጅ ያፍራል። ማታም ከእሳቱ ዳር ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ፥ «አባባ፥ የጧቱ ውሃ ከዱሩ ነው የመጣው» ይላል። አያቱም ፈገግ ብለው፥ «ታዲያ እኔ በጸሎት ያመሰገንሁት፥ አንተ በመጽሐፍ ያነበብኸው አንዱን ምንጭ ነው» ይሉታል።

ልጁም ደብተሩን አውጥቶ፥ የዱሩን ዛፎች ስም በካፊኖኖ እንዲነግሩት አያቱን ይለምናል። እርሳቸው ይነግሩታል፤ እርሱም ይጽፋል። ዛፉን ሸጦ ሊገዛው ያሰበው ደብተር የዛፉ መጠበቂያ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ አያቱ የፈሩትን ሁሉ ባይፈራም፥ ያከበሩትን ያከብራል።

የተማረ ሰው ምልክቱ ይህ ነው። ያልተረዳውን ከመናቁ በፊት ይጠይቃል፤ ከጠየቀም በኋላ መልካሙን ከክፉው ይለያል፤ መልካሙንም ከማን እጅ እንዳገኘው አይረሳም። ፊደል ለልጅ የሚሰጠው አባቱን እንዲንቅበት ሳይሆን፥ አባቱ ሲጠብቀው የነበረውን እርሱ ዐውቆ እንዲጠብቅበት ነው። መጥረቢያ አንዱን ዛፍ በአንድ ቀን ይጥላል፤ ያንን የሚያህል ዛፍ ለማየት ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም።